ግድቡ ከቆመ በኋላ፦ የዓባይ ምናባዊ ታሪክ ዳግም ጅማሮ

ለረጅም ዘመን የተወደደን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንደገና የሚያስጀምር ደራሲ ወይም የፊልም አዘጋጅ ሁለት ዓይነት ታዳሚ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል። አንደኛው የቀድሞውን ታሪክ ከነዝርዝሩ የሚያውቅና እያንዳንዱን ለውጥ ከነባሩ ጋር እያስተያየ የሚመዝን ወዳጅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ታሪኩ በስም ብቻ የሰማ ወይም ከነጭራሹ ያልሰማ እንግዳ ነው። የመጀመሪያው የሚወደው ነገር ሳይነካ እንዲቆይለት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ነገር ከሥሩ እንዲነገረው ይሻል፤ የሥራው ፈተናም የአንዱ ፍላጎት ሲሟላ የሌላው የሚጎድል መሆኑ ነው።

በዘርፉ ቋንቋ «ፍራንቻይዝ» የሚባለው በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ተያይዘው የሚወጡ መጻሕፍት፣ ፊልሞችና ድራማዎች ስብስብ ነው። «ሪቡት» ወይም ዳግም ጅማሮ ከተከታይ ክፍል የሚለየው፣ ተከታይ ክፍል ታሪኩ ካቆመበት ሲቀጥል ዳግም ጅማሮ ግን ገጸ ባሕርያቱንና መሠረታዊውን ጭብጥ ይዞ ታሪኩን ከመነሻው ስለሚተርክ ነው። ኢትዮጵያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያስቆጠረ የዚህ ዓይነት ፍራንቻይዝ የላትም። ሆኖም በየዘመኑ በአዲስ ተራኪ፣ በአዲስ መሣሪያና በአዲስ ባላንጣ እየተጀመረ ዘጠኝ ምዕት ዓመታት ያህል የተሻገረ አንድ ምናባዊ ታሪክ አላት፤ እርሱም ዓባይን ስለ ማቆም የሚነገረው ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ወረዳ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በይፋ ሲመረቅ ከዚያ በፊት ገጥሞት የማያውቅ ሁኔታ ላይ ደረሰ፤ ሲመኘው የኖረው ነገር ተፈጸመ። ስለሆነም ከእንግዲህ ዓባይን የሚተርክ የአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የቀድሞውን ፍጻሜ እንደ ፍጻሜ ሊጠቀምበት አይችልም፤ መነሻው ሊያደርገው ግን ይችላል።

በየዘመኑ የተጀመረ ታሪክ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከሌሎች የልብ ወለድ ዓይነቶች የሚለየው «ይህ ቢቻልስ?» የሚል ጥያቄ አንሥቶ፣ መልሱን በተአምር ሳይሆን በእውቀትና በመሣሪያ አመክንዮ ለመከተል በመሞከሩ ነው። የዓባይ ታሪክ በመጀመሪያው ቅርጹ ከተአምር የራቀ አልነበረም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግብጻዊው ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አል ማኪን እንደተረከው፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የዓባይ ሙላት በቀረ ጊዜ የግብጹ ገዥ አል ሙስተንሲር የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ሚካኤልን ገጸ በረከት አስይዞ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ላከው፤ ንጉሡም የተዘጋው መውረጃ እንዲከፈት አዘዘና ውኃው ወደ ግብጽ ወረደ። የዘመናችን ታሪክ ተመራማሪዎች ይህን እንደ አፈ ታሪክ ይቆጥሩታል፤ ያም ሆኖ የታሪኩ ሦስት ምሰሶዎች፣ ማለትም በላይኛው አገር የሚገኝ ቁልፍ፣ በታችኛው አገር ያለ ሥጋትና በመካከል የሚመላለስ መልእክተኛ፣ ከዚያ ወዲህ በተነገሩት ሁሉ ውስጥ አልጠፉም።

ቀጣዮቹ ተራኪዎች እነዚህን ምሰሶዎች ይዘው የቀረውን ለወጡ። በኢትዮጵያ ትውፊት ወንዙን ሊያስቀይስ ያሰበው ንጉሥ ላሊበላ ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ባለቅኔ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ የግብጽ ሱልጣን ወንዙ እንዳይቀየስበት ሲል ለኢትዮጵያ ንጉሥ ይገብራል የሚለውን ወሬ በረጅም የጀብዱ ግጥሙ ውስጥ አስገባው። በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፖርቱጋል የሕንድ ግዛቶች አስተዳዳሪ የነበረው አፎንሶ ደ አልቡከርኬ ኮረብታ ቆርጦ ወንዙን ወደ ቀይ ባሕር የማውረድ ሐሳብ እንደነበረው፣ ለዚህም ድንጋይ መቁረጥ የሚያውቁ ሠራተኞች ከማዴይራ ደሴት እንዲላኩለት እንደጠየቀ ልጁ ባሰናዳው የታሪክ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚህ ላይ ታሪኩ ከተአምር ወደ ምሕንድስና መሸጋገር እንደጀመረ ይታያል፤ ንጉሡ በትእዛዝ የሚከፍተው መውረጃ ቀርቶ ሠራተኛ፣ መሣሪያና ቁፋሮ ገቡበት።

መሐንዲሶች የጻፉት ክፍል

ታሪኩ በቁጥር መጻፍ የጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ ባቀረበው ባለ ብዙ ቅጽ ሪፖርት በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና «ቦርደር» የተባሉ አራት ትላልቅ ግድቦች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ። የመጨረሻው ስሙን ያገኘው ከሱዳን ድንበር አጠገብ በመሆኑ ሲሆን፣ ዕቅዱም 1,400 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል የሚያመነጭና 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ግድብ ነበር። ይህ ጥናት ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በመደርደሪያ ላይ ቆየ።

ከዚያ የሆነው ነገር ዳግም ጅማሮ ከሚባለው አሠራር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። መሠረቱ ከቀድሞው እምብዛም ሳይርቅ መጠኑ ተለወጠ፤ ግድቡ ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ገደማ፣ የሚይዘውም ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲሆን ታሰበ። ይህም ወንዙ በአማካይ በዓመት ከሚያወርደው 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ሐይቁን በአንድ ክረምት ሳይሆን በዓመታት መሙላትን ግድ አለ። የውኃው ከፍታ በአንድ በኩል ካለው ዝቅተኛ ሸንተረር በላይ ስለሚሆን፣ በዚያ በኩል አምልጦ እንዳይፈስ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በድንጋይ ሙሌት የተሠራና ፊቱ በኮንክሪት የተሸፈነ «የኮርቻ ግድብ» አስፈለገ። ስሙም ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ሥራው በምስጢር ሲዘጋጅ «ፕሮጀክት ኤክስ» ይባል የነበረው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩን ሲያስቀምጡ «የሚሌኒየም ግድብ» ተብሎ ተዋወቀ፤ ጥቂት ቀናት ሳይቆይም የዛሬውን ስሙን ያዘ።

ዋናው ግድብ የተገነባው በተለምዶ «አርሲሲ» በሚባለው ዘዴ ነው፤ ይኸውም ውኃው ያነሰ ደረቅ ኮንክሪት በስሱ እየተነጠፈ በከባድ ሮለር የሚጠቀጠቅበትና ንጣፉ በንጣፍ ላይ እየተደራረበ የሚያድግበት አሠራር ነው። እንዲህ ያለ ግድብ ውኃውን የሚያቆመው በራሱ ክብደት በመሆኑ የሚጠይቀው ኮንክሪት ብዙ ነው፤ በጉባ የፈሰሰው ወደ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ወንዙ ከተፈጥሮ መውረጃው እንዲቀየስ ተደረገ፤ አልቡከርኬ የተመኘው ዓይነት ማስቀየስ በዚህ ቀን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ርቀት ብቻ፣ ለግንባታ ሥራ ሲባል ተፈጸመ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ በሕዝብ ዘንድ የግድቡ መልክ እስከ መሆን ደርሰው ስለነበር ሐዘኑ አገር አቀፍ ሆነ። የመጀመሪያው ሙሌት በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጨት የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ተከናወነ። ሲመረቅ ግድቡ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው።

ተከታታይ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ የሥራ ሂደት ውስጥ የሚታወቀውን የፍራንቻይዝ ባሕርይ ማየት አይሳነውም፤ ታዳሚው ከፋይም ነበር። ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ከቦንድ ግዥ፣ ከሠራተኛ ደመወዝ መዋጮና በ8100 ከሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት በመሰብሰቡ፣ እያንዳንዱ አዋጪ የታሪኩ ባለቤት ነኝ ባይ ሆነ። ለታሪኩ ከፍሎ የጠበቀ ታዳሚ ደግሞ በአተራረኩ ላይ የሚኖረው ትችት እንዲሁ ከሚመለከተው ሰው ይበረታል።

ዴርቶጋዳና የናፍቆት ሥነ ጽሑፍ

የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት የአማርኛ አንባቢ የራሱን ሳይንሳዊ ጀብዱ አግኝቶ ነበር። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ ስመ ጥር የሆነ ኢትዮጵያዊ ሊቅን፣ እርሱን የሚከታተሉ የውጭ ሰላዮችንና የጣና ገዳማትን ምስጢር በአንድ ገመድ አስሮ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። በተደጋጋሚ ከመታተሙም በላይ «ራማቶሓራ» የተባለ ተከታይ መጽሐፍ ስለወጣለት፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ለፍራንቻይዝ እጅግ የቀረበ ምሳሌ ሊባል ይችላል። ሊቁ ሻጊዝ እጅጉ የተቀረጸው በቦንጋ ተወልዶ በአሜሪካ የጠፈር ዘርፍ በሠራው በኢንጂነር ቅጣው እጅጉ አምሳል እንደሆነ ብዙ አንባቢዎች ያምናሉ፤ የስሙም ቅርበት ይህን እምነት ያጠናክራል።

መጽሐፉ የቆመበት ስሜት ናፍቆት ነው፤ እውቀቱ በውጭ አገር፣ ተስፋው በገዳም፣ ውኃው በወንዝ ላይ ሲሄድ ይታያል፤ ታሪኩም እነዚህ የተበተኑ ነገሮች ተሰብስበው ወደ አገር የሚመለሱበትን መንገድ ይፈልጋል። ይህ ስሜት «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ከሚለው ተረትና ምሳሌ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ነገር ግን በምናብ የተያዘው ነገር በከፊል እየተፈጸመ መጣ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ወደ ምሕዋር ተላከች፣ ከጣና የሚወጣው ወንዝም በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ግድብ ገጠመው። ዛሬ «ዴርቶጋዳ»ን ለነባርና ለአዲስ አንባቢ እንደገና ልጀምር የሚል ደራሲ ቢነሣ፣ ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ችግር የናፍቆቱ ምክንያት መቀየሩ ነው። ግድቡ ሲሠራ በአሥራዎቹ የነበረ ወጣት የሊቁን መመለስ እንደ አባቱ ትውልድ ላይናፍቅ ይችላል፤ የሚያውቀው ዓባይ በቴሌቪዥን ኮንክሪት ሲለበስ ያየው ዓባይ ነው።

ሌሎች እንዴት ጀመሩት?

በሌላው ዓለም የተሳካላቸው ዳግም ጅማሮዎች ለዚህ ችግር የሚሆኑ ሦስት ዓይነት መፍትሔዎች ያሳያሉ። የመጀመሪያው የመግቢያውን በር መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው የእንግሊዙ ቢቢሲ ድራማ «ዶክተር ሁ» በ1989 ተቋርጦ በ2005 ሲመለስ፣ በራስል ቲ ዴቪስ የተጻፈው የመጀመሪያ ክፍል ዘመናትን በሚሻገረው በዋናው ገጸ ባሕርይ አልጀመረም። ካሜራው የሚከተለው ሮዝ የተባለች የሱቅ ሠራተኛን ነው፤ በማንቂያ ደወል ትነቃለች፣ ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ማታ በሱቁ ምድር ቤት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው ሲነሡባት አንድ የማይታወቅ ሰው እጇን ይዞ ያስሮጣታል። አዲሱ ተመልካች እርሷ የማታውቀውን ስለማያውቅ ከእርሷ ጋር ይማራል፤ ነባሩ ተመልካች ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ እርሷ እስክትደርስበት በጉጉት ይጠብቃል። አንዱ ትዕይንት ሁለቱንም ታዳሚ የሚያገለግለው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ የባላንጣውን ምንጭ መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ «ባትልስታር ጋላክቲካ» የሰውን ዘር የሚያሳድዱትን ሮቦቶች የሌላ ፍጡር ሥራ አድርጎ ሲያቀርብ፣ በ2003 በሮናልድ ሙር እንደ አዲስ የተጀመረው ግን ሰዎች ራሳቸው እንደፈጠሯቸው አድርጎ ጻፈው። በዚህ አንድ ለውጥ የመሸሽና የመዋጋት ጀብዱ የነበረው ታሪክ የኃላፊነት ታሪክ ሆነ። በዚያው ሥራ ወንድ የነበረው ዝነኛ አብራሪ ሴት ሆና ስትመጣ ከነባር ወዳጆች ብዙ ቅሬታ ተሰምቶ ነበር፤ ይሁንና ውሎ አድሮ ገጸ ባሕርይዋ ከተከታታዩ ዋና ምሰሶዎች አንዷ ሆናለች።

ሦስተኛውና ለዓባይ ታሪክ የሚቀርበው የጃፓኑ «ጎድዚላ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም በኑክሌር ፍንዳታ የተቀሰቀሰ ግዙፍ አውሬ ቶኪዮን ሲያወድም ያሳያል፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ ብናኝ የተጎዱት የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ጉዳይ በአገሪቱ ትኩስ ቁስል ነበር። ከብዙ ተከታይ ፊልሞች በኋላ በ2016 ሂዴያኪ አኖና ሺንጂ ሂጉቺ ታሪኩን አውሬው ከዚያ በፊት ታይቶ እንደማያውቅ አድርገው ሲጀምሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰጡት ለባለሥልጣናት ስብሰባ ነው። አውሬው ከተማውን ሲረግጥ ሚኒስትሮች የትኛው ሕግ እንደሚፈቅድላቸው ይከራከራሉ፣ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ተመልካቹ ይህን ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና ከፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ ጋር ወዲያው አገናኘው። አዘጋጆቹ አውሬውን ጠብቀው ፍርሃቱን በዘመናቸው ፍርሃት በመተካታቸው፣ አዲሱ ፊልም ከአሮጌው መንፈስ ጋር ታማኝ ሆኖ ተገኘ።

ከእነዚህ ሦስቱ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ታማኝነት ለጥያቄው እንጂ ለዕቃው አይደለም። ዕቃውን ብቻ የሚያስቀር ሥራ ምን እንደሚመስል በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጸ አንድ ፊልም አስቀድሞ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምስ» ከጥፋት በኋላ ያለች ዓለምን በዳሎል፣ በወንጪና በድሬዳዋ መልክዓ ምድር ላይ ይተርካል፤ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ጎባጣ ሰው ዕቃ ሲለቅም፣ ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ጓደኛው በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ትጸልያለች፣ የፕላስቲክ ኒንጃ ኤሊም እንደ ከበረ ቅርስ ይቆጠራል። የዝነኛ ፍራንቻይዞች ቅሪቶች ትርጉማቸው ጠፍቶ ዕቃቸው ብቻ የሚመለክበት ይህ ዓለም፣ ዳግም ጅማሮ ሲከሽፍ የሚያመጣውን ውጤት በአስቂኝ መልክ ያሳያል። የዓባይም ታሪክ የኮንክሪቱን ግዝፈት፣ የተርባይኑን ቁጥርና የምረቃውን ርችት ብቻ እየደጋገመ ቢነገር ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

በጉባ በኩል መግባት

በነባሩ የዓባይ ታሪክ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወንዙ አገር ለቆ የሚወጣበት ጠርዝ ነው፤ ተራኪው ከጎጃም፣ ከላስታ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከካይሮ ሆኖ ያየዋል እንጂ ከጉባ ሆኖ ሌላውን አያይም። የጉባ ወረዳ ከተማ ማንኩሽ፣ የክልሉ ርእሰ ከተማ አሶሳና በመካከላቸው ያለው ሞቃት ቆላ ግን የራሳቸው ረጅም ታሪክ አላቸው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አካባቢው ወደ ምኒልክ መንግሥት ሲጠቃለል እንደ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ያሉ ገዥዎች ወርቅ ይገብሩ ነበር፤ ነዋሪው ደግሞ ከደጋውም ከሱዳንም በኩል በሚመጣ የባሪያ ፈንጋይ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የተፈጸሙት ግድያዎችም ግድቡ በሚሠራበት ዞን ሰላም ያለ ጥያቄ የሚገኝ ነገር እንዳልነበረ ያስታውሳሉ።

ወንዙ ለእነዚህ ሰዎች የዕለት ኑሮ ነበር። የጉሙዝ ቤተሰቦች በዳርቻው ያርሱ፣ ዓሣ ያጠምዱና በባህላዊ መንገድ ወርቅ ያጥቡ ነበር፤ ሐይቁ ሲሞላም በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ አዳዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። ዛሬ «ንጋት» የሚባለው ሐይቅ ሙሉ ሲሆን የሚሸፍነው 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የጣናን ስፋት ግማሽ ያልፋል፤ ቀድሞ ኮረብታ የነበሩ ቦታዎች ደሴቶች ሆነዋል። አዲስ ዓለም መፍጠር ለሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የበለጠ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሸለቆ ሐይቅ ሆኗል፣ ወርቅ አጣቢው ጀልባ ቀዛፊ የሚሆንበት ዕድል ተፈጥሯል፣ የድንበር ጠርዝ የነበረው ቦታም አገር የሚጠብቀው የኃይል ማእከል ሆኗል።

ከአሶሳ አካባቢ የበርታ የሙዚቃ ወግ ለእንዲህ ያለው ታሪክ የአተራረክ ሥልት ጭምር ይሰጣል። «ዙምባራ» በሚባለው የትንፋሽ መሣሪያዎች ስብስብ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ በመሆኑ፣ ዜማው የሚሟላው ብዙ ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ዓባይን በአንድ ጀግና ሊቅ ዓይን ብቻ ያየው የቀድሞው ታሪክ በዚህ ወግ ቢቃኝ፣ የማንኩሿ ወጣት፣ የኮንክሪት ሠራተኛው፣ የሱዳኑ ገበሬና የካይሮው መሐንዲስ እያንዳንዳቸው የያዙትን እያሰሙ የሚሄድ ባለ ብዙ ድምፅ ልብ ወለድ ሊወጣው ይችላል።

የአዲሱ ታሪክ ሕጎች

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ምናባዊ ዓለሙ የሚገዛባቸውን ሕጎች አክብሮ ሲሄድ ነው አንባቢ የሚያምነው። የግድቡ እውነተኛ አሠራር ለደራሲ የሚሆን ብዙ የታሪክ ሞተር ይዟል። ኃይል የሚመነጨው ከከፍታ የሚወርድ ውኃ የተርባይኑን ጎማ ሲያዞር በመሆኑ፣ ውኃውን ማቆም ብቻ ኃይል አይሰጥም፤ ግድቡ የሚጠቅመው ውኃው ሲለቀቅ ነው። ይህ አንድ እውነታ የላይኛውን አገር ቁልፍ ያዥ፣ የታችኛውን አገር ለማኝ አድርጎ ያቀረበውን ዘጠኝ ምዕት ዓመት ያስቆጠረ ምሰሶ ከሥሩ ይነቀንቀዋል፤ ቁልፉን የያዘው ራሱ ለመጠቀም መክፈት አለበት። እውነተኛው ውጥረት ተከታታይ ድርቅ በሚመጣባቸው ዓመታት ምን ያህል፣ መቼና በማን ስምምነት ይለቀቅ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብጽ ድርድር ለዓመታት የተጓተተውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ከግድቡ ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚዘልቀው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ መብራት በማያገኝ አገር ውስጥ ማለፉም እንዲሁ ደራሲ ሊያልፈው የማይገባ ነገር ነው፤ ኃይሉ በማን ራስ ላይ አልፎ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የአዲሱ ታሪክ እምብርት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ዳግም ጅማሮ ነባሩን ወዳጅ አያስቀይምም፤ ወንዙ፣ ሊቁ፣ ምስጢሩና የታችኛው አገር ሥጋት ሁሉም በቦታቸው ይገኛሉ፣ የሚጠየቁት ጥያቄ ግን የባለቤት ጥያቄ ይሆናል። አዲሱ አንባቢም ላሊበላን ወይም ሻጊዝ እጅጉን ሳያውቅ በማንኩሿ ወጣት በኩል ይገባና ቀስ በቀስ የአያቶቹን ታሪክ ያገኘዋል። ያጣ ሰው ታሪክ የሚነገረው በምኞት ሲሆን ያገኘ ሰው ታሪክ የሚነገረው በኃላፊነት ነው፤ የአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይህን ሽግግር ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥሬ ነገር በጉባ ተሟልቶ ስለሚገኝ፣ የሚቀረው ጉዳዩን ከምረቃ ንግግር ለይቶ የሚያይ ደራሲ ነው።